ቆሽት የምር ሲያርር

«ቆሽቴን አሳረረው!» እንላለን ስንናደድ። ንዴት እንኳ ቆሽት አያሳርርም። ግን ቆሽት የምር የሚቆስልበት ሕመም አለ፤ አኪውት ፓንክሪያታይተስ ይባላል፣ ድንገተኛ የቆሽት ብግነት ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ሆኖ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመርታል። ኢንዛይሞቹ ሲመረቱ ሥራ አይጀምሩም፤ የሚነቁት ትንሹ አንጀት ሲደርሱ ነው። የሐሞት ጠጠር መውጫቸውን ሲዘጋ ወይም አልኮል የቆሽትን ሴሎች ሲጎዳ ግን እዚያው ቆሽት ውስጥ ይነቃሉ። ከዚያማ ያመረታቸውን አካል ራሱን መፍጨት ይጀምራሉ።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ነጭ የደም ሴሎች ለእርዳታ ይሮጡና ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። እነዚህ የሴሎችን ሽፋን ያበላሻሉ። ሰውነታችን ማርከሻ አለው፤ አንዱ ግሉታቲዮን ነው። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄ የውጭ ምንዛሪ ክምችትን ያስታውሳል፦ ፍላጎቱ በአንዴ ሲያሻቅብ ክምችቱ ይሟጠጣል። ይህ የሚዛን መዛባት ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል፤ ከፈተና ጭንቀት ጋር አይገናኝም። ብግነቱ ከበረታ ሳንባና ኩላሊትም ይጎዳሉ።

«እና አንቲኦክሲዳንት እንክብል ብንውጥስ?» ሶሻል ሚዲያ ላይ የሚሸጡልን ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተሞክሯል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ሕመሙ የጠናባቸውን 43 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን ቫይታሚን ሲ፣ ሴሊኒየምና ኤን-አሲቲልሲስቲን በደም ሥር ተሰጠው፤ ሌላው የማስመሰያ መድኃኒት። በደማቸው ያለው አንቲኦክሲዳንት ጨመረ፤ የአካል ክፍሎቻቸው ጉዳት ግን ከሌላው ቡድን አልቀነሰም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የላብራቶሪ ቁጥር መስተካከልና የሰው መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል።

የሚሠራው ሕክምና ማስታወቂያ የለውም፦ በጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ክትትል፣ ከዚያም የሐሞት ጠጠሩን ማስወገድ ወይም መጠጡን ማቆም።

ስለዚህ ከሆዳችሁ በላይኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ፣ «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም በደም ምርመራ ሊፔዝ ወይም አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም አይቶ ሊለየው ይችላል። ለእንክብሉ ያሰባችሁትን ብር ሆስፒታል ለሚያደርሳችሁ ታክሲ አውሉት።