እንግዳን የመምራት ልማድ በጎንደር ግንብና በአርሲ ደጋ

«አስጎብኚ» የሚለው ቃል ለጆሯችን አዲስ ቢመስልም ሥራው አዲስ አይደለም። ቃሉ የወጣው «ጎበኘ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ጎበኘ ማለትም በቀደመው አነጋገር የታመመን ጠየቀ፣ የራቀ ዘመዱን ደርሶ አየ፣ ሹም ከሆነም ግዛቱን ዞሮ ተመለከተ ማለት ነበረ። እንግዲህ በመጎብኘት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የዝምድናና የሥልጣን ነገር አለበት። የዛሬው እንግዳ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፣ ፎቶግራፍ ማንሻውን በአንገቱ አንጠልጥሎ በሚዞርበት ጊዜ እንኳ ይህ የቀድሞው ትርጉም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ማን ለማን፣ በየት ቦታ፣ ምን ለመናገር ይፈቀድለታል የሚለው ጥያቄ አብሮት ይሄዳል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሁለት አገሮች ላይ እንመለከተዋለን፤ አንደኛው ግንቡ በዓለም የታወቀው ጎንደር ሲሆን፣ ሁለተኛው ግንብ የሌለው የአሰላና የአርሲ ደጋ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እንግዳን እየመሩ ታላላቅ ሕንፃዎችን ማሳየት በሌላው ዓለምም የቆየ ሥራ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት የግሪክን አገር የዞረው ጳውሳንያስ በየስፍራው ታሪኩን ለእንግዳ የሚተረጉሙ ሰዎች እንዳገኘ፣ አንዳንድ ጊዜም በነገራቸው እንዳልተስማማ ጽፏል። በ12ኛው መቶ ዓመት ስለ ሮማ ከተማ ድንቆች በላቲን የተጻፈው መጽሐፍ ለተሳላሚዎች መሪ ሆኖ ኖሯል። እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ በ1841 መንገደኞችን ሰብስቦ በባቡር መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ንግድ ሆነ። ጸሐፊው በአውሮጳ በተማረባቸው ዓመታት ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ የምትሄድን መሪ በሰልፍ የሚከተሉ ሰዎችን ብዙ ጊዜ አይቷል፤ ባያቸውም ቁጥር ትዝ የሚለው የንግሥ በዓል ነበረ። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአስጎብኚነት ሥራ በብዙ አገር ከመሳለም ልማድ የተወለደ ነውና።

በጎንደር እንግዳውን አስቀድሞ የሚመራው ግንቡ ራሱ ነው። የነገሥታቱ ግቢ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር የታጠረና 12 በሮች ያሉት ስለ ሆነ፣ አስጎብኚው መንገዱን እንደ ልቡ አይመርጥም። ከተማዪቱን በ1636 መናገሻ ካደረጓት ከዐፄ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥት ይጀምራል፤ በአራቱ ማዕዘን የቆሙትን ጉልላታም ግንቦች ያሳያል። ከዚያ በኋላ ትውልድን እየተከተለ ይሄዳል፤ በልጃቸው በዐፄ ዮሐንስ ስም የሚጠራው ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዐፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ የዐፄ በካፋ ሕንፃ፣ በመጨረሻም የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጉሥ በአባቱ ቤት ከመኖር ይልቅ የራሱን መሥራት ስለ መረጠ፣ የሕንፃው ተራ የነገሥታቱ ተራ ሆኗል። የመቶ ዓመት ታሪክ በግማሽ ቀን እግር መንገድ ያልቃል ማለት ነው።

ጉዳቱም ቢሆን በድንጋዩ ላይ ተጽፏል። የኢያሱ ቤተ መንግሥት በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ አገኘው፤ በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ኢጣልያኖችን ለማስወጣት በጣሉት ቦምብ ተመታ። እንግዳው ሰማይ የሚታይበትን አዳራሽ አይቶ «ምን ሆነ?» ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። ከግቢው ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲወሰድ የአነጋገሩ ስልት ይለወጣል። በጣሪያው ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ቁልቁል በሚመለከቱበት በዚያ ስፍራ፣ ደርቡሾች በ1888 የከተማዪቱን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህችን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ እንዳዳናት ይነገራል። አስጎብኚው እስካሁን እንደ ታሪክ መምህር ሲናገር ቆይቶ እዚህ ላይ እንደ ደብር አገልጋይ ይናገራል፤ ብዙዎቹ አስጎብኚዎች ይህን ለውጥ ራሳቸው ልብ አይሉትም።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ በጎንደር አስጎብኚው የአንዱን ንጉሥ ዘመን ቢስት ዜና መዋዕሉ ያርመዋል። ጨርሶ ዝም ቢል እንኳ ግንቡ አለ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሲቋቋም፣ ለውጭ አገር እንግዳ የታሰበው ዋናው ጉዞ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያዳርሰው «የታሪክ መንገድ» ሆነ። ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም፤ እንግዳ የሚያስደንቅ ነገር በዚያ በብዛት ነበረ። ፋሲል ግቢም በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋር አንድ አሳብ ሳይታወቅ በሰው አእምሮ ገባ፤ ይኸውም ታሪክ ያለው አገር ማለት የተጠረበ ድንጋይ ያለው አገር ነው የሚል ነው። በአርሲ ተወልዶ ያደገ ተማሪ ስለ አገሩ የሚታይ ነገር እንዲጽፍ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «እኛ ዘንድ ምንም የለም» ብሎ ነው። ይህ መልስ ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን መመርመር ይገባል።

አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጎንደር ጋር ስትነጻጸር ገና ልጅ ናት። ከኋላዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጭላሎ ተራራ ይታያል፤ በስተ ምዕራብ ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆ እየወረደ ይሄድና፣ ሰማዩ ሲጠራ የዝዋይ ሐይቅ ብልጭ ይላል። በሐይቁ ደሴቶች ላይ የጥንት ብራና መጻሕፍትን ያቆዩ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ ካልተነገረው በቀር እንግዳው የሚያየው ውኃ ብቻ ነው። በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትም እንዲሁ ነው። የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አደለ፤ ምርቱም ጨመረ፤ ነገር ግን እርሻው ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለ ርስቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። ይህ ሁሉ ለእንግዳ ዐይን የስንዴ ማሳ ነው።

በቅርብ ዓመታት ወደ አርሲ የሚመጣ የውጭ አገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ሯጮች ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1973 የተወለደው በአሰላ አካባቢ ነው፤ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ ልጆች ናቸው። እንግዳው ወደ በቆጂ ሲወሰድ የሚያገኘው የአፈር መሮጫና የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። ስሞቹ በተነገሩት ጊዜ ግን ያንኑ አፈር በሌላ ዐይን ያየዋል፤ አንዳንዱም ጎሕ ሲቀድ ከልጆቹ ጋር ልሩጥ ይላል። በአርሲ የሚታየውን ነገር ታላቅ የሚያደርገው የመሪው ቃል መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከቱሪስት ድርጅት አስቀድሞም ቢሆን የአርሲ ሰው እየተመራ የሚጎበኘው ታላቅ ስፍራ ነበረው። ይኸውም ከዋቢ ሸበሌ ወንዝ ማዶ፣ በባሌ የሚገኘው ድሬ ሼህ ሁሴን ነው። ሼህ ሁሴን በ13ኛው መቶ ዓመት እንደ ኖሩ ይነገራል፤ በኖራ ነጭ የተቀባው የመቃብራቸው ጉልላት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በነበሩት በሐረሩ አሚር በአብዱ ሸኩር እንደ ተሠራ ይታወቃል። ተሳላሚው በተለይ በአረፋ ሰሞን ጫፉ ባላ የሆነ በትሩን ይዞ፣ «ባሕሮ» የሚባለውን የምስጋና ዜማ በኦሮምኛ እያዜመ ብዙ ቀን በእግሩ ይጓዛል። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 ወደዚህ ስፍራ ደርሶ ነበር።

በዚያ መምራት ማለት ሥርዓት ማስፈጸም ነው። ተሳላሚው ከመቃብሩ ወደ ዋሻዎቹ የሚሄደው በተራ ነው፤ በየስፍራውም የሼሁ ከራማ፣ ማለትም የተአምራቸው ነገር ይነገረዋል፤ ነጩንም አፈር በረከት ብሎ ይቀባል። የጎንደሩ ተራ የነገሥታት ሲሆን የድሬው ተራ የተአምራት ነው። የሚናገረውም ተቀጣሪ ሳይሆን የስፍራው ጠባቂ ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግን መቃብርን መሳለም ከእምነቱ ጋር አይስማማም የሚሉ ሙስሊሞች በአርሲና በባሌ እየበዙ ሄደዋል። በሃይማኖቱ ክርክር ውስጥ መግባት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ዜማውን የሚያውቁት ሰዎች ሲያንሱ የስፍራው ታሪክ አብሮ እንደሚያንስ ግልጽ ነው።

ወደ ደጋው እንመለስ። ከአርሲ ወደ ባሌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚጓዝ ሰው በድንጋይ የታጠሩ መቃብሮችን ያያል። በአንዳንዶቹ ላይ ፈረሰኛ፣ ጦርና ጋሻ፣ ከብትም ተቀርጾ ወይም በቀለም ተሥሎ ይገኛል። አዛይስና ሻምባር የተባሉት ፈረንሳውያን በ1931 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ አርሲ መቃብሮች ጽፈዋል፤ ነገር ግን የጻፉት ስለ ድንጋዩ እንጂ ስለ ሟቹ አይደለም። ሟቹ ማን እንደ ነበረ፣ ከሲኮ ወይስ ከመንዶ ወገን እንደ ተወለደ፣ ስለምን በፈረስ ላይ እንደ ተሣለ የሚያውቀው ዘመዱ ነው። ዘመዱ ካልተናገረ ድንጋዩ ድንጋይ ነው።

ዘመዱ ደግሞ ሁሉን ለሁሉ አይናገርም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ «ዋዩ» የሚባል ብርቱ ሥርዓት አለ፤ የሚፈራ፣ የሚከበር፣ የማይደፈር ማለት ነው። አማትና አማች አንዱ ለሌላው ዋዩ ናቸው፤ ያገባች ሴትም ሲንቄዋን ስትይዝ ዋዩ ናት። ከዚህ ጋር «ለጉ» የሚባል ልማድ ይገኛል። በዚህም ልማድ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ድምፁ ስሙን የሚመስለውንም ቃል በሌላ ቃል ትለውጣለች። እንግዲህ አንዲት የአርሲ ሴት እንግዳ መርታ ወደ ባሏ ወገኖች መቃብር ብትደርስ፣ ታሪኩን አሳምራ እያወቀች ዋናውን ስም ሳትጠራ ታልፋለች። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ በማስታወሻው ላይ «አታውቅም» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ለእርሷ ግን አለመጥራቷ ክብር ነው።

ሲንቄም እንዲሁ ናት። በሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ስትታይ ቀጭን በትር ናት፤ እንግዳውም «የሴቶች በትር» ተብሎ ተነግሮት ያልፋል። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ይህች በትር ግን በአርሲ ሕግ ከጦር የምትበረታበት ጊዜ አለ። አንዲት ሚስት ብትበደል ሲንቄዋን ይዛ እልል ብላ ትወጣለች፤ ጎረቤቶቿም ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ በዳዩ ክሶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገኖች ሲዋጉ ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው በመካከል ቢቆሙ ወንዶቹ ሊያልፏቸው አይችሉም። ይህን ሁሉ የሚናገር ሰው በአጠገቧ ከሌለ ሲንቄዋ እንጨት ሆና ትቀራለች።

ከሁሉ የሚከብደው የአኖሌ ነገር ነው። የአርሲ ሕዝብ ከ1882 እስከ 1886 ድረስ የምኒልክን ሠራዊት ተቋቁሟል፤ በ1886 በአዙሌ በተደረገው ውጊያም በራስ ዳርጌ ሠራዊት ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ በአኖሌ የብዙ ወንዶች እጅና የብዙ ሴቶች ጡት እንደ ተቆረጠ የአርሲ ትውፊት ይናገራል፤ ሕዝቡም ነገሩን «ሐርከ ሙራ ሐርመ ሙራ» ብሎ ይጠራዋል። በ2014 በሔጦሳ ወረዳ ለዚሁ መታሰቢያ ሐውልትና ሙዚየም ተመረቀ። ሐውልቱ የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ነው። በተተከለም ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ ብርቱ ክርክር አስነሣ።

በዚህ ስፍራ የሚቆም አስጎብኚ የጎንደሩ ባልንጀራው የማያውቀው ችግር አለበት። ከፊቱ ከቆሙት እንግዶች መካከል የተቆረጡት ሰዎች ተወላጅ ይኖራል፤ ከዚያ ሠራዊት ጋር መጥቶ በአርሲ ምድር ተክሎ የቀረ ወታደር ተወላጅም ይኖራል፤ በጋብቻ የተነሣም ሁለቱን በአንድ ሰውነቱ የያዘ ይኖራል። የአርሲ ሽማግሌ እንግዳ ሲመጣበት አስቀድሞ ከየት እንደ መጣና ከማን እንደ ተወለደ መጠየቁ ያለ ነገር አይደለም፤ የሚናገረውን ለማን እንደሚናገር ማወቅ ይፈልጋል። የተቀጠረው ወጣት አስጎብኚ ግን ለሁሉ አንድ ቃል ይናገራል። በጸሐፊው አስተያየት የዚህ ወጣት ግዴታ ነገሩን ማለዘብም ማክረርም ሳይሆን፣ የትኛው ከአያቶች ቃል፣ የትኛው ከጽሑፍ፣ የትኛውም ከሐውልት ሠሪው አሳብ እንደ መጣ ለይቶ መናገር ነው። እንግዳው በድርጊቱ ቢጨቃጨቅ እንኳ፣ ቃሉ በአርሲ ቤት ውስጥ ከልጅ ልጅ ሲተላለፍ መኖሩ አይካድም።

ስለዚህ በአርሲ ደጋ የሚሠራ የሥነ ሕዝብ ተማሪ ከመቃብሩ ፎቶግራፍ ይልቅ የመሪውን ቃል አስቀድሞ ቢይዝ ይሻለዋል። ቃሉ በተነገረበት ቋንቋ፣ በኦሮምኛው እንዳለ ይጻፍ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ተናጋሪው ለሟቹ ምኑ እንደ ሆነ፣ በየትኛው ድንጋይ አጠገብ ቆሞ እንደ ተናገረ፣ ሰሚዎቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ ሰሚዎቹ ሲለወጡም ቃሉ ተለውጦ እንደ ሆነ አብሮ ይመዝገብ። ሴቲቱ ስሙን ሳትጠራ ባለፈችበት ስፍራ ተማሪው ስሙን ከሌላ ሰው ጠይቆ አይሙላው፤ በወረቀቱ ላይ ባዶ መስመር ይተውና በአጠገቡ «ለጉ» ብሎ ይጻፍበት።