ጠፍ የቀረ የከተማ መሬትና የነዋሪው ሕዝብ ድርሻ



በከተማ ውስጥ ባለቤቱ የተወው፥ ቆሻሻ የሚጣልበት ባዶ ቦታ ሲገኝ፥ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መሐንዲስ ካርታ ይንደፍ፥ መሥሪያ ቤት ይፍቀድ፥ ተቋራጭ ይሥራ የሚለው ነው። በአጠገቡ የሚኖረው ሰው ምን ድርሻ አለው? ይህን ለመመርመር በአሜሪካ አገር፥ በቦስተን ከተማ፥ ሮክስበሪ በሚባለው ክፍል፥ በደድሊ መንገድ ዙሪያ የሆነውን እንመልከት። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዚያ ሰፈር ባንኮች ማበደርን ስለ ተዉ፥ ብዙ ባለቤቶችም ለቀው ስለ ሄዱ፥ አንዳንዶቹም የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመቀበል ቤታቸውን ስላስቃጠሉ፥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 1300 ያህል ቦታዎች ባዶ ቀርተው ነበር። ከሌላ አካባቢ የሚመጡ የጭነት መኪናዎችም ቆሻሻቸውን በስውር ይደፉባቸው ነበር።

በ1984 ሰፈሩን ለማሻሻል አንድ ማኅበር ተመሠረተ። በሚቀጥለው ዓመት ዐሳቡ ለሕዝብ ሲቀርብ ግን ነዋሪዎቹ ተነሥተው፥ ከቦርዱ አባሎች መካከል በዚህ ሰፈር የሚኖረው ስንቱ ነው ሲሉ ጠየቁ። ጥቂቶች መሆናቸው ስለ ታወቀ ደንቡ ተለውጦ አብዛኛው ወንበር ለነዋሪዎች ሆነ፤ ይኸውም ለጥቁሮች፥ ለላቲኖች፥ ለኬፕ ቨርድ ተወላጆችና ለነጮች እኩል ተመደበ።

በ1986 ሕዝቡ በቆሻሻ ደፊዎች ላይ ዘመቻ አደረገ፤ ሕገ ወጥ ቆሻሻ ማከማቻዎችም ተዘጉ። በ1987 ነዋሪዎቹ የተካፈሉበት የሰፈሩ ፕላን ተዘጋጀ። ነገር ግን ከከተማው ይዞታ መካከል የግለሰቦች ባዶ ቦታዎች ተሰባጥረው ስለ ነበሩ፥ አንድ ወጥ ሥራ ለመሥራት አልተቻለም። ስለዚህ በ1988 የከተማው የመልሶ ግንባታ ባለሥልጣን፥ ባዶ ቦታዎችን ለባለቤቶቻቸው ካሣ እየከፈለ እንዲወስድ ለማኅበሩ ሥልጣን ሰጠው። ይህ ሥልጣን ሰው የሚኖርበትን ቤት የሚነካ አልነበረም።

አንድ ሥጋት ቀርቶ ነበር። ሰፈር ሲያምር ዋጋው ይወደዳል፤ ዋጋው ሲወደድ ያቀናው ድኻ ይለቃል። ይህን ለመከላከል መሬቱ በአደራ ተያዘ፤ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን ይገዛል፥ መሬቱን ግን ለ99 ዓመት ይከራያል፤ ቤቱንም ሲሸጥ ዋጋው በውሉ የተወሰነ ነው። በዚህ አኳኋን ከ200 በላይ ቤቶች፥ መናፈሻና የአትክልት ማብቀያ ቤት ተሠርተዋል።

ሕዝብን መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ያን ሥልጣን እስኪያገኝ 4 ዓመት ፈጅቷል። ሆኖም ሕዝቡ በስብሰባ ያሳለፈው ጊዜ ኋላ የሠራውን የሚጠብቅ ባለቤት አስገኝቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤታችሁ የፕላን ጉዳይ ለሚቀርብላችሁ ሁሉ ትምህርቱ ግልጥ ነው። ሕዝብ የተጠራው ካርታው ካለቀ በኋላ እንደ ሆነ፥ ስብሰባው ማስታወቂያ እንጂ ምክር ሊባል አይችልም። ወረቀቱ ገና ነጭ ሳለ የተጠራ እንደ ሆነ ግን፥ መሬቱ ከመታረሙ በፊት ጠባቂውን አግኝቷል ማለት ነው።