ቅርፊቱ የተላጠ ቅርንጫፍ ለምን አይሞትም? የጃፓን ሜፕልና ቦንሳይ

የዛፍ ግንድ ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ውሎ አድሮ እንደሚደርቅ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የጃፓን ቦንሳይ አሳዳጊዎች ግን ቶሪኪ በሚሉት ዘዴ ከሜፕል ዛፍ ጥሩ ቅርንጫፍ መርጠው ቅርፊቱን እንደ ቀለበት ይልጡታል። ቅርንጫፉ አይሞትም፤ እንዲያውም ሥር ያወጣል። እንዴት ሆኖ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በዛፍ ውስጥ ሁለት መንገዶች አሉ። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ዛይለም ውሃና ማዕድን ወደ ላይ ያወጣል። በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ፍሎየም ደግሞ ቅጠል የሠራውን ስኳር ወደ ሥር ያወርዳል። ቅርፊት ስንልጥ የምንዘጋው ሁለተኛውን ነው። ዋናው ግንድ ከተላጠ ሥሩ ይራባል፣ ዛፉም ይሞታል። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ ግን ሌሎቹ ቅርንጫፎች ሥሩን ይመግቡታል።

የተላጠው ቅርንጫፍ ውሃ ማግኘቱን ይቀጥላል፤ ስኳሩ ግን መውረጃ አጥቶ ከቁስሉ በላይ ይከማቻል። ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ ይህን እብጠት እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ አይቶታል። ከቡቃያው የሚወርደው ኦክሲን የተባለ ሆርሞንም እዚያው ይጠራቀማል። እርጥበትና ጨለማ ሲጨመርበት ከቁስሉ የላይኛው ጠርዝ ሥር ይበቅላል።

ሥራው የሚጀመረው በጸደይ መጨረሻ፣ አዲሱ ቅጠል ጠንከር ሲል ነው። የቀለበቱ ስፋት ቢያንስ ከቅርንጫፉ ውፍረት ጋር ይስተካከል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ካምቢየም የሚባለውን የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ሳይፍቅ ይተወዋል። ያ ሽፋን አዲስ ቅርፊት ሠርቶ ቁስሉን ይሻገራል፤ ስኳሩ መንገድ ካገኘ ደግሞ ሥር የለም። ጠርዙ ላይ ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን ተቀብቶ፣ ቁስሉ ስፋግነም በሚባል፣ ውሃ እንደ ስፖንጅ በሚይዝ የረግረግ ተክል ይሸፈናል። ከዚያ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ላይና ታቹ ይታሰራል፤ እንዳይደርቅም ይጠበቃል።

ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነጫጭ ሥሮች ሊታዩ ይችላሉ። አይቸኩሉ! ቅርንጫፉ እስካሁን የሚጠጣው ከእናት ዛፉ ነው። በመጋዝ ሲቆረጥ የውሃው መንገድም ይዘጋል፤ ጥቂት ለጋ ሥሮች ያን ሁሉ ቅጠል አያጠጡም። ሥሮቹ ቡናማ ሆነው ቅርንጫፍ እስኪያወጡ መጠበቅ ይሻላል። ሲተከልም ሥሮቹ በቀላሉ ስለሚሰበሩ ስፋግነሙን መፈልቀቅ አያስፈልግም፤ ተክሉ እንዳይነቃነቅ ከማሰሮው ጋር በሽቦ ይታሰር።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከዘር የበቀለ ሜፕል እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ግንዱ እስኪወፍርም ዓመታት ይፈጃል። በዚህ ዘዴ ግን የወፈረ ግንድ በአንድ ወቅት ይገኛል፤ ሥሩም በዙሪያው እኩል ይወጣል። ጃፓኖች ይህን የሥር አዘረጋግ ነባሪ ይሉታል፤ ከአማርኛው ቃል ጋር ዝምድና ባይኖረውም ስሙ ይስማማዋል። በሚቀጥለው ጸደይ ወደ ታች የሚወርዱት ሥሮች ተቆርጠው የጎኖቹ ይዘረጋሉ። ሜፕል ቡቃያ የሚያወጣው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሆነ፣ ቅርንጫፉ እንዳያብጥ ከየጥንዱ አንዱ ይቀነሳል። መግረዙ ግን ይቆይ፤ መጀመሪያ ሥሩ ይጽና።