ቤት ልግዛ ወይስ ይረጋጋ ብዬ ልጠብቅ? ከቡና ገበያ የወሰድኩት ሒሳብ

ዛሬ ስለ ፈረሱላ ዋጋ አይደለም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ሌላ ነገር ነው፦ «ትንሽ ብር ይዣለሁ፣ አገሩ ግን አልረጋም። የመጀመሪያ ቤቴን አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?»

እኔ የቡናና የእህል ደላላ ነኝ፣ የቤት ባለሙያ አይደለሁም። ግን የመጀመሪያ ቤቴን የገዛሁት በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከጎጃም ጤፍ የጫነ መኪና መቼ እንደሚገባ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። የቀናኝንም የተሳሳትኩትንም ልንገራችሁ።

መጠበቅን በደንብ አውቀዋለሁ። ብር ማጠራቀም የጀመርኩት 2012 ላይ ነው። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ፣ «ይለፍ» አልኩ። በጥቅምት 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ አሁንም ጠበቅሁ። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ «በቃ ተረጋጋ» ስል በሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ላይ ሌላ አዋጅ መጣ። በየመሀሉ ዋጋ የጠየቅሁት ቤት ሁሉ ጥሎኝ ሄደ።

ለምን? የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር። የዋጋ ንረቱ ደግሞ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 107 ብር ይዞ ሲመጣ፣ በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ 130 አልፎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ብር ያለው ሰው ወደ ብረት፣ ወደ መኪና፣ ወደ ቤት ይሮጣል።

ላኪዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ዶላር በጠፋበት ዘመን ቡና ውጭ ከሚሸጥበት በላይ ተገዝቶ በኪሳራ ይላክ ነበር። ኪሳራውን በዶላሩ በሚያስገቡት ዕቃ ያካክሱታል። ያኔ የቡናው ዋጋ ውስጥ የዶላር ጥማት አብሮ ተጭኖ ነበር። የቤት ዋጋም እንዲሁ ነው፤ ከፊሉ ጣሪያና ግድግዳ ነው፣ ከፊሉ ብር የመያዝ ፍርሃት ነው። አገር ሲታመስ ቤት ይረክሳል ብላችሁ የምትጠብቁ፣ እኔ እንዳየሁት የሚቀንሰው የገዢው ቁጥር እንጂ የሻጩ ዋጋ አይደለም። ሻጩም ብሩን ምን ያደርገዋል? ፈርቶ ቤቱን ይዞ ይቀመጣል።

ታዲያ ዝም ብሎ መግዛት ነው? አይደለም። በ2016 ሦስት አማራጭ ቀርቦልኝ ነበር።

1ኛው ገና መሠረቱ የወጣ አፓርታማ ነው። ከሁሉም ይረክሳል። ለምሳሌ ያህል እናስላው። በሁለት ዓመት የሚያልቅ ቤት 5 ሚሊዮን ብር፣ ያለቀው 6 ሚሊዮን ተኩል ነው እንበል። የምትከፍሉት የቤት ኪራይ በወር 20 ሺህ ነው። ግንባታው አራት ዓመት ከፈጀ ኪራዩ 960 ሺህ ሆነ። ውሉ ላይ የዋጋ ማስተካከያ አለና 15 በመቶ ቢጨመር 750 ሺህ ነው። ድምሩ 6 ሚሊዮን 710 ሺህ። ርካሹ ተወደደ ማለት ነው። በየደረጃው መክፈሉ ጥቅም አለው፤ ብር ሲረክስ የነገ ክፍያ ይቀላል። ግን ውሉ በዶላር የሚሰላ አንቀጽ ካለው ያ ጥቅም የእናንተ ሳይሆን የሻጩ ነው። እኔ ልፈርም የነበረው ውል ላይ ይህ አንቀጽ ነበረበት። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። ቀድሜ አውቄ አይደለም ያልፈረምኩት፤ እግዜር ነው ያተረፈኝ።

2ኛው በውክልና የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ነው። የዕጣ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም፤ ስለዚህ ሰው በውክልና ይገበያያል። ዋጋው ደህና ቅናሽ አለው። ነገር ግን ውክልና ሰጪው ሊሽረው ይችላል፣ ከሞተም ውክልናው አብሮት ይቀራል። አንድ የማውቀው ነጋዴ እንዲህ ገዝቶ ሻጩ ሞተበት። ዛሬ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ቦታውም ራሱ ይታያል። በ2011 የካቲት የኮዬ ፈጬ ዕጣ ሲወጣ የተነሣውን ተቃውሞ ታስታውሳላችሁ፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ስሙን ጋዜጣ ላይ ስላየ ብቻ ቁልፍ አልያዘም።

3ኛው አምስት ዓመቱን የጨረሰ፣ የባንክ ዕዳው የተከፈለ፣ ካርታው በሻጩ ስም ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሦስቱ ውዱ እሱ ነበር።

ሳመነታ አንድ የማከብራቸው ላኪ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ መጋዘን ያልገባ ቡና ስንት ብለህ ትገዛለህ?» አሉኝ። «ቅናሽ ጠይቄ ነዋ» አልኳቸው። «ለምን?» «ላይመጣ ይችላላ!» ሳቁና ዝም አሉ። ገባኝ። ቅናሹ ስጦታ አይደለም፤ እኔ የምሸከመው አደጋ ዋጋ ነው። አገር ሰላም ሲሆን ያን አደጋ ትሸከሙታላችሁ። አገር ሲታመስ ግን ሲሚንቶው፣ መንገዱ፣ ቢሮው፣ ዶላሩ ሁሉም ባንድ ላይ ይዘገያል።

3ኛውን ገዛሁ። ክፍለ ከተማ ሄጄ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣራሁ፣ ባልና ሚስቱ ሁለቱም ውልና ማስረጃ ቀርበው ፈረሙ፣ ዋናውን ክፍያ ከዚያ በፊት አልሰጠሁም።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። የባንክ ብድር አገኛለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ስለነበር «ወረፋ ጠብቅ» ተባልኩ። የጎደለውን ከመሥሪያ ብሬ ሞላሁት። ጥቅምት 2017 ቡና ሲደርስ ዶላሩ ጨምሯል፣ ፈረሱላውም አብሮ ወጥቷል፤ ያንኑ ያህል ቡና ለመያዝ እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ብር ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ እጄ ባዶ ነው። በየካቲት ኒው ዮርክ ላይ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲሸጥ እኔ በኮሚሽን ብቻ እያገናኘሁ ተመልካች ሆንኩ። ባለቤቴ «ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለን ግድግዳውን እንብላ?» ብላኛለች። እውነቷን ነው። ቤቱን ባልገዛ ይቆጨኝ ነበር፤ የመሥሪያ ብሬን መንካቴ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ «አገሩ መቼ ይረጋል?» የሚለውን ተዉት፤ እሱን እኔም እናንተም አንወስነውም። እነዚህን ጠይቁ፦

1. ቤቱ ዛሬ ቆሟል? ገብቼ ማደር እችላለሁ?
2. ወረቀቱ በማን ስም ነው? ነገ በእኔ ስም የማይሆንበት ምክንያት አለ?
3. ከፍዬ ስጨርስ ከጥቅምት እስከ ጥር የምሠራበት ብር ይቀረኛል?
4. በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት እዚሁ ከተማ እኖራለሁ? ቡና መኪና ላይ ተጭኖ ይሸሻል፣ ቤት አይጫንም። ይህን በእርግጠኝነት መመለስ የማይችል ሰው ቢከራይ ይሻለዋል።

አራቱም ከተመለሱ ግዙ፣ ለዜናው ብላችሁ አትቆዩ። አንዱ ከጎደለ ግን የቱንም ያህል ቢረክስ ይለፋችሁ። የዩኒየን ሰዎች፣ በተለይ 3ኛውን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ነገ በጠዋቱ ወደ ጅማና ሲዳማ ዋጋ እንመለሳለን። መልካም ገበያ!