የነፋስ ፍጥነት የረጅም ዘመን ለውጥ፦ ከአምባሰል አውድማ እስከ ዓለም

የአምባሰል ገበሬ ምርቱን በመንሽ ወደ ላይ ሲበትን ፍሬውን ከገለባ የሚለይለት ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ ግን በዘመናት ውስጥ ይለዋወጣል። በብዙ የዓለም የየብስ ክፍሎች አማካይ ፍጥነቱ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲቀንስ ቆይቶ፣ ከ2010 ገደማ ወዲህ መልሶ ጨምሯል። በምክንያትነት የሚጠቀሱት የውቅያኖስና የከባቢ አየር ዑደት መለዋወጥ፣ እንዲሁም የዛፍና የሕንፃ መብዛት ናቸው።

ለውጡ ትንሽ ቢመስልም መዘዙ ብዙ ነው። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚለካ፣ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ አሸጎዳን በመሰለ ጣቢያ የሚያልፈው የነፋስ ኃይል በ27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በገጸ ምድር ወንዝ የማይወጣበት የሐይቅ ከተማው ሐይቅም ውሃው በትነት ስለሚጎድል፣ የነፋስ ለውጥ ይነካዋል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አደራ የምለው ይህንን ነው፤ በመለኪያው አጠገብ ያደገ ባሕር ዛፍ የነፋስ መዳከም መስሎ እንዳያሳስታችሁ፣ ከንባቡ ጋር የጣቢያውን አካባቢ ለውጥ አብራችሁ መዝግቡ።