በኪሮሽ የሚሠራ አሻንጉሊትና የልጆቻችን ደህንነት



በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ነው። ዛሬ ግን ስለ ክርና ስለ ኪሮሽ እናወራለን። «የጤና ዓምድን ከኪሮሽ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። በእኔ ላይ የደረሰውን ባጭሩ ልንገራችሁና ምክንያቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እህቴ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። «ጉንፋን ይዞታል፤ ንፍጡ አልቆም አለ። የአፍንጫ ጠብታ ስጪኝ» አለችኝ። ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ብዙም ሳልጠይቅ የጨው ውኃ ጠብታ ሰጥቼ ሸኘኋት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ንፍጡ ወፍሯል፤ ይሸታል፤ የሚወርደውም በቀኙ ቀዳዳ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ጉንፋን ሁለቱንም ቀዳዳ ይይዛል እንጂ አንዱን መርጦ አያሸትም። በትንሽ ልጅ ላይ በአንድ በኩል ብቻ የሚወርድና የሚሸት ንፍጥ ሲታይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው አፍንጫ ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ነው።

ወዲያው ወደ ሐኪም ላክኋቸው። ከልጁ አፍንጫ የወጣችው አንዲት ትንሽ ጥቁር ዶቃ ነበረች። ዶቃዋን ዐወቅኋት። ከወራት በፊት እኔው በእጄ ሠርቼ፣ «የአክስቱ ስጦታ» ብዬ የሰጠሁት የኪሮሽ ጥንቸል ዓይን ነበረች።

አልሐምዱ ሊላህ፣ ልጁ በቀናት ውስጥ ዳነ። ነገር ግን ያቺ ዶቃ ወደ አፍንጫ በመሄድ ፈንታ ወደ አየር ቧንቧ ገብታ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ባሰብሁ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል። ከዚያ ወዲህ ኪሮሹን አልተውሁም፤ አሠራሬን ግን ለወጥሁ። ዛሬ የማካፍላችሁም ይህንኑ ነው።

በቤት የተሠራ መጫወቻ ጥቅሙ ምንድን ነው?

ሕፃን ልጅ የሚማረው በጨዋታ ነው። ይይዛል፣ ይጥላል፣ ያነሳል፣ አፉ ውስጥ ይከታል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የሕፃናት እንክብካቤ ማሠልጠኛ ላይ ወላጆች በቤት ውስጥ ካለ ንጹሕ ዕቃ መጫወቻ ሠርተው ከልጃቸው ጋር እንዲጫወቱ ይመክራሉ። ውድ መጫወቻ መግዛት ግዴታ አይደለም። ድርጅቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በስልክና በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ እንዳይውል፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ መክሯል። እንግዲህ ስልኩን ከልጁ እጅ ስንቀበል በምትኩ የምንሰጠው ነገር ያስፈልገናል።

በቤት የተሠራ መጫወቻ ሌላም ጥቅም አለው፤ ውስጡ ምን እንዳለ እናውቃለን። ድምፅ የሚያሰሙ አንዳንድ መጫወቻዎች ውስጥ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ጠፍጣፋ ባትሪ አለች። ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። የእኛ የክር በግ ይህ ጣጣ የለበትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ክር፦ ለትንሽ በግ 50 ግራም ክር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ልጅ አፉ ውስጥ ስለሚከተው ጸጉር የማይረግፈው፣ ለስላሳ የጥጥ ክር ይመረጣል። ፀጉራማና ብናኝ የሚተው ክር ለሕፃን አይሆንም። ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን በውኃ አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ እሹት። ቀለም ከለቀቀ ለልጅ መጫወቻ አትጠቀሙበት።

ኪሮሽ፦ በክሩ መጠቅለያ ላይ ከተጻፈው ቁጥር አነስ ያለ ይሁን። ለመካከለኛ ክር 3 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ስፌቱ ጥብቅ ካልሆነ ሙሌቱ ይወጣል፤ የሕፃኑም ጣት ቀዳዳው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሙሌት፦ አዲስ የትራስ ፋይበር ይሁን። ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ጥጥ አቧራና ሻጋታ ይዞ ይመጣል። አንዳንድ እናቶች ክብደት እንዲኖረው ብለው ምስር፣ ሽንብራ ወይም በቆሎ ይጨምሩበታል። ይህ አደገኛ ነው። ስፌቱ ቢፈታ ጥራጥሬው ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ ይገባል፤ እርጥበት ሲያገኝም ያብጣል።

ከነዚህ ሌላ ትልቅ ቀዳዳ ያለው መርፌ፣ መቀስና ጥቂት ጥቁር ክር ይበቃችኋል።

አሠራሩ

የሶላት ኮፍያ በኪሮሽ የሠራች እህት ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የኮፍያው አናት እንደሚጀመረው ሁሉ የበጉም ራስ ከመሐል ተጀምሮ በዙር እየሰፋ ይሄዳል። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን የክር አሻንጉሊት «አሚጉሩሚ» ይሉታል።

የምንጠቀመው አንድ ዓይነት ስፌት ብቻ ነው። ኪሮሹን አስገብታችሁ ክሩን ሳቡ፤ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ሲኖር ክሩን እንደገና ጠቅልላችሁ በሁለቱም ውስጥ አሳልፉት። ዙሩ የት እንደጀመረ እንዳይጠፋባችሁ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ምልክት አድርጉ፤ ስትጨርሱም ማውጣቱን አትርሱ።

ራስና አካሉን ለየብቻ ሠርቶ መስፋት የተለመደ ነው። እኔ ግን ሳልቆርጥ በአንድ ክር እቀጥላለሁ፤ ያልተሰፋ ራስ ተፈትቶ አይወድቅምና።

1ኛ ዙር፦ ሁለት ሰንሰለት ሥሩ። መጀመሪያ በሠራችሁት ሰንሰለት ውስጥ 6 ስፌት አስገቡ።
2ኛ ዙር፦ በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ሁለት ሁለት ሥሩ፤ 12 ይሆናል።
3ኛ ዙር፦ በአንዱ ላይ አንድ፣ በቀጣዩ ላይ ሁለት እያደረጋችሁ ዙሩ፤ 18 ይሆናል።
4ኛ ዙር፦ በሁለቱ ላይ አንድ አንድ፣ በሦስተኛው ላይ ሁለት፤ 24 ይሆናል።
ከ5ኛ እስከ 8ኛ ዙር፦ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ 24 ሥሩ።
9ኛ ዙር፦ በሁለቱ ላይ አንድ አንድ ሥሩ፤ ቀጣዮቹን ሁለት ስፌቶች አንድ ላይ ይዛችሁ አንድ አድርጓቸው። ይህንን እየደጋገማችሁ ዙሩ፤ 18 ይቀራል።
10ኛ ዙር፦ አንድ ሥሩ፣ ሁለቱን አንድ አድርጉ፤ 12 ይቀራል። አንገቱ ይህ ነው። እዚህ ላይ ራሱን ጠበቅ አድርጋችሁ ሙሉት።
11ኛና 12ኛ ዙር፦ እንደ 3ኛውና እንደ 4ኛው ዙር እየጨመራችሁ መልሳችሁ 18፣ ቀጥሎም 24 አድርሱት።
ከ13ኛ እስከ 20ኛ ዙር፦ 24 ሥሩ።
21ኛና 22ኛ ዙር፦ እንደ 9ኛውና እንደ 10ኛው ቀንሱ። አካሉን ሙሉት። አንገቱ እንዳይንጠለጠል በዚያ በኩል ጥሩ አድርጋችሁ ጠቅጥቁት።
23ኛ ዙር፦ ሁለት ሁለቱን አንድ እያደረጋችሁ 6 አስቀሩ። ክሩን በመርፌ በ6ቱም ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡና ዝጉት።

ለእግር 6 ስፌት ጀምራችሁ በሁለተኛው ዙር 9 አድርጉት፤ ከዚያ 5 ዙር ቀጥሉ። አራት እግር ይሠራል። ለጆሮ 6 ጀምራችሁ ሳትጨምሩ 3 ዙር ሥሩና ጠፍጥፋችሁ ስፉት። ስትሰፉ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሂዱበት። የክሩን ጫፍ አካሉ ውስጥ ደብቁት እንጂ ውጭ አትተዉት። የተንጠለጠለ ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውሩን ሊያቆም ይችላል። አንገቱ ላይም ቃጭል ወይም ረጅም ሪባን አትሰሩበት።

ዓይኑ በክር ይሁን

የዛሬው ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ዶቃ፣ የልብስ ቁልፍ ወይም የፕላስቲክ ዓይን አታድርጉ። ምንም ያህል ተጠንቅቃችሁ ብትሰፉት የልጅ ጥርስና ምራቅ ክሩን ያላላዋል። የኔ ዶቃ በአራት ዙር የተሰፋች ነበረች። በጥቁር ክር አራት አምስት ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ስትጠልፉ ያማረ ዓይን ይወጣዋል። አፍንጫውንም እንዲሁ።

ስለ ምስልስ?

የእንስሳ አሻንጉሊት መሥራት በሃይማኖታችን እንዴት ይታያል የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር፣ ከመካከላቸውም የጨርቅ ክንፎች ያሉት ፈረስ እንደነበር በሐዲሥ መጻሕፍት ተዘግቧል። ብዙ ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው የልጆችን መጫወቻ ለይተው ፈቅደዋል፤ የጠበቀ አቋም ያላቸውም አሉ። ልባችሁ ከተጠራጠረ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፤ ፈትዋ የመድኃኒት ቤት ሥራ አይደለም። ፊቱን ባዶ መተው የምትፈልግ እናትም ብትተወው ለልጁ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ከመስጠታችሁ በፊት ፈትኑት

አንደኛ፣ እያንዳንዱን እግርና ጆሮ ይዛችሁ በኃይል ጎትቱ። በአውሮፓ የመጫወቻ ደህንነት ደረጃ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ የመጫወቻ አካል በ90 ኒውተን ኃይል ተጎትቶ መላቀቅ የለበትም። ይህ 9 ሊትር ውኃ የመያዝ ያህል ክብደት ነው። የሚላላ ነገር ካለ ፈትታችሁ እንደገና ስፉት።

ሁለተኛ፣ የሶፍት ካርቶን ውሰዱ። ተላቆ በካርቶኑ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ለትንሽ ልጅ የመታነቅ አደጋ ነው። የበጋችን እግርም ቢላቀቅ ያልፋል። የመጀመሪያውን ፈተና አጥብቀን የምንይዘው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ደግማችሁ ተመልከቱት። የተበሳ፣ የተፈታ፣ ሙሌቱ የታየ ከሆነ እስኪጠገን ድረስ ከልጁ አርቁት።

እጥበትና መኝታ

የክር አሻንጉሊት ምራቅና አቧራ ይሰበስባል። ከጥጥ የተሠራውን በ60 ዲግሪ ሙቀት ማጠብ በዓይን የማይታዩትን የአቧራ ተባዮች ይገድላል። አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙቀት የማይችል ክር ከሆነ በፌስታል ጠቅልላችሁ ለአንድ ሙሉ ቀን በረዶ ቤት ውስጥ አቆዩትና ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። ውስጡ ጭምር እስኪደርቅ በፀሐይ ላይ ይዋል፤ እርጥብ ሙሌት ይሻግታል። ክር በቶሎ ስለሚቀጣጠል ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስጡት።

አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛ አሻንጉሊቱን ከአጠገቡ አንሱት፤ ትንሽ ሕፃን አፍንጫው ላይ የወደቀን ለስላሳ ነገር መግፋት አይችልም።

ችግር ቢደርስስ?

አንድ ነገር አፍንጫ ውስጥ ከገባ በጥጥ እንጨት፣ በጸጉር መርፌ ወይም በወረንጦ አትነካኩት፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። ዘይት አታንጠባጥቡ። ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ባትሪ ከሆነ ደግሞ አንዲትም ደቂቃ አትዘግዩ።

ልጁ ታንቆ በኃይል የሚያስል ከሆነ ያስል፤ አትከልክሉት። ማሳል፣ ማልቀስና መተንፈስ ካቃተው ግን ሰው ጥሩ። አንድ ዓመት ያልሞላውን በክንዳችሁ ላይ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በደረቱ አስተኙትና በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ ምቱት፤ ካልወጣ ገልብጣችሁ የደረቱን መካከል 5 ጊዜ ተጫኑ። ከአንድ ዓመት በላይ የሆነውን ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ፤ ከዚያ ከኋላው ሆናችሁ ከእንብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። እስኪወጣ ድረስ እየተፈራረቃችሁ ቀጥሉ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣታችሁን ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ።

የእህቴ ልጅ ዛሬም ያችን ጥንቸል ይወዳታል። ዓይኗን አውጥቼ በጥቁር ክር ጠልፌላታለሁ። በየቤታችሁ ለልጅ የተሰጠ በዶቃ ወይም በቁልፍ ዓይን የተሠራ አሻንጉሊት ካለ ዛሬውኑ አንሱና ተመልከቱት። ዓይኑን በክር ለመቀየር ሩብ ሰዓት ይበቃል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ