ፎርዋርድ ሲደረግ የሚፈርሰው ፕሮፎርማ

ሳሪስ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ለአንድ መሥሪያ ቤት ፕሮፎርማ በኢሜይል ላከ እንበል። ሲላክ ሠንጠረዡ መስመሩን ጠብቆ፣ አርማውም ከላይ ተቀምጦ ነበር። የግዥ ሠራተኛዋ ለኃላፊዋ ፎርዋርድ አደረገችው። ኃላፊው ጀሞ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ሲከፍተው ብዛቱ ካንዱ ዋጋ ጋር ተጣብቋል፤ አማርኛው ደግሞ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኗል። ማን አበላሸው? ማንም አላበላሸውም።

የአዲስ አበባው ክፍለ ከተማችን ነፋስ ስልክ የተባለው በሽቦ አልባው ስልክ ምክንያት ነው፤ መልእክት ያለ ሽቦ በነፋስ ሲሄድ ያስደነቀው ሰው ያወጣው ስም መሆን አለበት። ኢሜይልም በነፋስ ቢሄድም እንደ ፎቶ ተነሥቶ አይሄድም። የሚጓዘው ጽሑፉና «ይህን አድምቅ፣ ይህን በሣጥን አስገባ፣ በዚህ ፎንት አሳይ» የሚሉ የተደበቁ ትእዛዞች ናቸው። ትእዛዞቹ የሚጻፉበት ቋንቋ ኤችቲኤምኤል ይባላል። ፈጻሚው የተቀባዩ ፕሮግራም ነው፤ ሁሉም ግን እኩል አይታዘዝም። ነባሩ (ክላሲክ የሚባለው) የዊንዶውስ አውትሉክ ከ2007 እትሙ ጀምሮ ደብዳቤውን የሚያሳየው በዎርድ ስልት ነው፤ ጂሜይል ደግሞ የማይቀበለውን ትእዛዝ ቆርጦ ይጥላል።

ሪፕላይ ወይም ፎርዋርድ ስንል ፕሮግራሙ ደብዳቤውን እንደ አዲስ ይገነባዋል። በተራ ጽሑፍ እንዲመልስ ከተስተካከለ ትእዛዞቹ ይቀራሉ፣ የሠንጠረዡ ዓምዶችም ይደባለቃሉ። ካልሆነም ምልልሱ በበዛ ቁጥር አሮጌው ጽሑፍ ወደ ውስጥ እየተገፋ፣ ስልክ ላይ በአንድ መስመር አንድ ቃል ብቻ እስኪቀር ይጠባል። አባሪ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በፎርዋርድ ይከተላል፣ በሪፕላይ ይቀራል።

የእኛ የአማርኛ ጸሐፊዎች ጣጣ ግን ከዚህ ይብሳል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያለ ዩኒኮድ የተሠሩት ፎንቶች፣ የፓወር ግዕዝ ነባሮቹን ጨምሮ፣ የሚያስቀምጡት የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል እንጂ። ሪፕላዩ ወይም ፎርዋርዱ የፎንቱን ስም ሲጥለው ልብሱ ይወልቃል። የኃላፊው ላቲን ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ወደ ዎርድ ገልብጦ ያንኑ ፎንት መምረጥ ይመልሰዋል።

ባዶ ሣጥኖች ከታዩ አይደንግጡ። ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው የተቀባዩ ማሽን ላይ የአማርኛ ፎንት ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለሽያጭ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ስለሆነ፣ በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ የተለመደ ነበር።

ዋጋና ውል ያለበትን ነገር ደብዳቤው ሆድ ውስጥ ባይጽፉት እመክራለሁ፤ በፒዲኤፍ ያያይዙት። የመጣልዎትን ኢሜይል ሳይነካ ማስተላለፍ ከፈለጉ ጂሜይል ኮምፒውተር ላይ በሦስቱ ነጥቦች ሥር ደብዳቤውን እንዳለ እንደ አባሪ የሚልክ ምርጫ አለ። ማንም አይነካውም፤ ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ግን አላየሁም።

በአማርኛው ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከመጣ ግን ፎንት አይቀያይሩ። በዚያ ቅጂ ውስጥ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ላኪው ጋ ደውለው ዋናውን እንደገና ያስልኩ።